የያርጋል የጽጌ ቅኔ

የኔታ ወልደ ሩፋኤል ሃያ ስምንት ዓመት ቅኔ ሲያስተምሩ እንደዚያ ቀን ጨንቋቸው አያውቅም። ማን ደፍሮ ያስጨንቃቸዋል! በዳባት ዙሪያ ስማቸው ሲነሣ የማይሽቆጠቆጥ ደብተራ የለም። ያስጨነቀቻቸው ግን ሊቅ አይደለችም፤ ከደጋው አገር ከጊች ሁለት ቀን በእግሯ የመጣች፣ ፊደል ያልቆጠረች እናት ናት።

«የኔታ፣ የያርጋል እናት ሸጊቱ ነኝ» አለች ጉልበታቸውን ስማ። «ልጄ ሞቷል። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ባለፈው ሳምንት አረዳኝ።»

ያርጋል! የኔታ ክው አሉ። ከሁለት ዓመት በፊት በጽጌ ወራት፣ እሑድ ጧት፣ ስለ አበባ ተቀኝቶ ካህናቱን «ይበል! ይበል!» ያሰኘ ተማሪያቸው ነበር። በሳምንቱ ዳባት ገበያ በወጣበት ለሚሊሺያ አፈሱት፤ ጭነው ወደ ጦር ግንባር ወሰዱት። ከዚያ ወዲያ የውሃ ሽታ ሆነ።

«እግዜር ያጥናሽ ልጄ።»

«አሜን። ለለቅሶ አይደለም የመጣሁ። መቃብሩን አላውቅ፣ ፎቶ የለኝ። ያንን ቅኔ ግን ሰው ሁሉ ሰምቶታል አሉ፤ እኔ ብቻ ቀረሁ። እሱን ይንገሩኝ።»

እንግዲህ ጉዱ እዚህ ላይ ነው። ቅኔ ለየበዓሉ አዲስ ይዘረፋል እንጂ የባለፈው ተጽፎ አይቀመጥም። የኔታም ረስተውታል። በቀን የሠላሳ ተማሪ ቅኔ የሚሰማ ሰው የትኛውን ይያዝ! «ረሳሁት» ማለት ግን ሞት ሆነባቸው። እሳቸው? ለእናቱ? በስመ አብ!

«ደክሞሻል፣ ዕረፊ። ከቅዳሴ መልስ እነግርሻለሁ» አሏት።

እሷ ቅጽሩ ጥግ ቁጭ አለች፤ የኔታ ግን መቀመጫ አጡ። ጎጇቸው ገቡ፣ ወጡ፣ ቤተ ክርስቲያኑን ሦስቴ ዞሩ። የድሮ ባልንጀራቸውን ደብተራ ደምለውን መንገድ ላይ ያዙት።

«የያርጋል የጽጌ ቅኔ ትዝ ይልሃል?»

«ግሩም ነበር!»

«ግሩምነቱን ማን ጠየቀህ፤ ቃሉን!»

ደምለው ጢሙን አሻሸ። «ስለ አበባ ነበር መቼም።»

«ኤዲያ! አንተስ ከመቋሚያህ በምን ትሻላለህ!» ብለው ጥለውት ሄዱ።

ቅዳሴ ላይ ቆመውም ልባቸው እዚያው ጥግ ነበር። የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ቅዳሴው ሳያልቅ የራሳቸውን ዘረፉ። ለእሳቸው ቅኔ ምን ይቸግራል! ወጥተው አጠገቧ ተቀመጡና በግዕዝ አወረዱት፤ ቀጥለው በአማርኛ ፈቱላት። ጽጌ ረዳ አለበት፣ ሮማን አለበት፤ እመቤታችን በሎሚ ጥላ ሥር ታርፋለች። አምሮ ነበር። እውነት ለመናገር፣ እጅግ አምሮ ነበር።

ሸጊቱ አላለቀሰችም። የተቀመጠችበትን ድንጋይ በጣቷ ጫር ጫር አደረገች።

«ይኼ የእርስዎ ነው የኔታ» አለች። «ልጄ ሮማን የት አውቆ! የእኛ አገር ውርጭ ነው፤ ገብስና ነፋስ ነው። ደግሞ አብዝቶ አይናገርም ነበር።»

የኔታ አፈሩ። ስንቱን ተማሪ ሲያሳፍሩ ኖረው ዛሬ ዓይናቸውን የሚጥሉበት ጠፋቸው።

«ዋሸሁሽ» አሉ በመጨረሻ። «ረስቼዋለሁ። ስለ እግዚአብሔር ይቅር በይኝ።»

«አንዲት ቃል እንኳ?»

«ማኅሌት ላይ ካለው አንዲት ቃል አልያዝሁም። የያዝሁት ያላለውን ነው። ከዋዜማው ሊያሰማኝ መጥቶ ስለ ጅብራ የሚናገር አንድ ቤት ነበረው። እኔ ‹የዱር ተክል ለእመቤታችን አይቀርብም፣ አውጣው!› ብዬ ጮኽሁበት። ‹እሺ የኔታ› ብሎ አወጣው። ወዲያው ጸጽቶኛል፤ የኔታ ተብዬ እንዴት ልመለስ! ይኸው ከዚያ ወዲህ ከጆሮዬ አልወጣም።»

«ይንገሩኝ።»

«ከኔ በቀር የሰማው የለም።»

«ይንገሩኝ እንጂ!»

በግዕዙ አሏት፤ ቀጥለው ፈቱላት። «እመቤቴ ሆይ፣ የደጋው ጅብራ ዕድሜውን ሙሉ ብርድ ላይ ቆሞ ይጠብቅሻል፤ አንድ ጊዜ አብቦልሽ ይሞታል።»

ሸጊቱ በነጠላዋ አፏን ያዘች። «እሱ ነው» አለች። «ይኼ ልጄ ነው።» ያን ጊዜ አለቀሰች። የኔታም ሊያጽናኗት ጀምረው እሳቸው ባሱ።

ሲበርድላት ፊቷን ጠራረገችና «በግዕዙ ያስጠኑኝ፣ እሱ እንዳለው» አለች። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ቃል በቃል አስጠኗት። ሁለት ቦታ ላይ እየደጋገመች ትሳሳታለች። የኔታ ሰሙ፤ ልጇን እንዳረሙት ግን አላረሟትም።