ሙቀቱ እንዳይወጣበት

«የጭስ መዝጊያውን የዘጋሁለት እኔ ነኝ፣» አለች ሳቦሃት፣ ከላይኛው መንደር የመጡት ለቀስተኞች ገና ፍራሹ ላይ ቁጭ ከማለታቸው። «ፍሙ ደህና አድርጎ ቀልቶ ነበር። ሙቀቱ እንዳይወጣበት ብዬ ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁለት። ሩስያ አገር ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነው ሲንቀጠቀጥ የከረመው ልጄ። የመጨረሻዋን ሌሊት እንኳ እናቱ ቤት ሞቆት ተኛ። እኔ በእሷ ነው የምጽናና።»

«እንኳን ዘጋሽለት፣» አለች አንደኛዋ እንባዋን በሻሽዋ ጫፍ እየጠረገች። «እናት ማለት ይህች ናት።»

ጉልሩ ዳቦውን በጨርቅ ይዛ በሩ ላይ ቀረች። የሳቦሃት ልጅ ናት፤ የሟቹ የዲሎቫር ታላቅ እህት። ከባሏ መንደር እየሮጠች ከደረሰች ጀምሮ እናቷ ይህንኑ ለገባ ለወጣው ስትነግር ሰምታለች።

«ሬሳ አጣቢዎቹም ያወራሉ፣» አለች ሌላዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ጉንጩ እንደ ፖም ቀልቶ ነበር አሉ።»

«ብርሃን ነዋ! የጀነት ብርሃን። ለሁሉም አይሰጥም እኮ።»

«ቀልቶ ነበር፣» አለች ሳቦሃት። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ላይ ኩራት የሚመስል ነገር መጣ። «እኔም አይቻለሁ። የተኛ ነው የሚመስለው። ጠዋት ሻዩን አስቀምጬ በጣቴ ነካሁት እኮ፣ ተነስ ሰነፍ፣ ብዬ።»

ሴቶቹ ጮኸው አለቀሱ። ጉልሩ ዳቦውን አስቀምጣ ወጣች።

ቤቱ አጥንት ሰብሮ የሚገባ ብርድ ነበረበት። ሰው ከሞተበት ቤት ሦስት ቀን እስኪሞላ እሳት አይነድም፤ የሚቀመሰውን ሁሉ ጎረቤት አብስሎ ያመጣል። ሰማያዊ ቀሚስ የለበሱት ሴቶች ካፖርታቸውን ደርበው ሙሾ ያወርዳሉ፤ ወንዶቹ ወገባቸውን ታጥቀው፣ በትራቸውን ተደግፈው ግቢው በር ላይ ሰው ይቀበላሉ። ያ ትልቅ የጡብ ምድጃ ደግሞ ከክፍሉ ጥግ ምንም እንዳላደረገ ተገትሯል። የዘንድሮው በረዶ የዛራፍሾንን ወንዝ ሳይቀር ዳር ዳሩን አስሮት ነበርና ምድጃው ለወራት አንድ ቀን እንኳ አላረፈም።

አባታቸው ሳንጊን በሕይወት ቢኖር ኖሮ ምድጃው ባረፈ ነበር። በረዶው ከጣሪያው ላይ መንጠባጠብ ሲጀምር፣ ሳቦሃት እየተነጫነጨች፣ ሳንጊን እሳቱን ያስጠፋ ነበር። «በሬ እንኳ ከእርሻ ሲመለስ ጫንቃው ይታያል፣» ይላታል። ምድጃው ሲቀዘቅዝ ቧንቧውን ነቅሎ ግቢ ውስጥ ይደበድበዋል፤ የከረመው ጥቀርሻ በበረዶው ላይ ይዘረገፋል። ጡቦቹን አንድ በአንድ በጣቱ አንኳኩቶ የላላውን በጭቃ ይመርገዋል። በመጨረሻ ልጆቹ ሻማ ይዘው ስንጥቁን ሁሉ ያዳርሳሉ፤ ነበልባሉ ወደ አንዱ ስንጥቅ ዘንበል ካለ እዚያ ጋ ቀዳዳ አለ። በሻማው የማይጣሉበት ዓመት አልነበረም። አንዴ ዲሎቫር በጥቀርሻው ጢም ሠርቶ ብቅ አለና፣ «መንደርተኛ ሆይ፣ አዲሱ ሙላህ ደርሻለሁ፣ ዶሮ እረዱልኝ!» ብሎ አባቱን እስኪያስለው አሳቀው።

ሳንጊን ግን ስለ ምድጃ የማይስቅበት ነገር ነበረው። አንድ ዓመት ሁለት እረኞች ተራራው ላይ ካለ ጎጆ በድናቸው ወረደ። ሳንጊን ሬሳቸውን አጥቦ ሲመለስ ደጃፉ ላይ ቆሞ እጁን ታጠበ፤ ውሃውን የምታፈስለት ሳቦሃት ነበረች። «እንደ ፖም ቀልተዋል፣» አለ። «የታፈነ ፍም ነው ሰው እንዲህ የሚያቀላ። አላህ ይህን ቅላት ቤታችን አያሳየን።»

ጉልሩ ያኔ ትንሽ ልጅ ብትሆንም አልረሳችውም። እናቷስ? ጉልሩን የሚያስጨንቃት ይኼ ብቻ ነበር። ለቀስተኛው የዲሎቫርን ጉንጭ ባነሳ ቁጥር የእናቷን ዓይን ታያለች። ሳቦሃት እስካሁን ብርሃኑን ብቻ ነው የያዘችው። እሱን ከተነጠቀች ምን ሊቀራት ነው?

በማግስቱ፣ ሴቶቹ ለጸሎት ወደ ሌላው ክፍል ሲያልፉ፣ ጉልሩ አመድ ልጥረግ ብላ ባልዲ ይዛ ምድጃው ሥር ተንበረከከች። ባታየው በወደደች፤ ግን እጇ አላስቀምጥ አላት። ቧንቧውን ነቀለችው። ጥቀርሻው ከግራና ከቀኝ ወፍሮ ሊገናኝ ምንም አልቀረውም፤ ሁለት ጣት እንኳ እንደ ልብ አያሳልፍም። ከኋላ አንድ ጡብ ላልቶ ወደ ውስጥ ወድቋል። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ቧንቧው አንገት ላይ የሚገፋው የብረት መዝጊያ፣ እናቷ እንደተወችው፣ ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል። መስኮቶቹም ብርድ እንዳያስገቡ በዱቄት ሙጫ በተለጠፈ ጨርቅ ዙሪያቸውን ታሽገዋል። ወንድሟ የሞተው በዚህ ነው። ሰዎቹ ልቡ ደክማ ነው የሞተው ያሉት ውሸት ነው።

ከአባቱ በኋላ ምድጃውን የሚያጸዳው ዲሎቫር ነበር። ሩስያ ከሄደ ወዲህ የነካው የለም። የተመለሰ ሰሞን ጉልሩ ልትጠይቀው መጥታ ነበር፤ ያኔ ጆሮውን ጡቡ ላይ ለጥፎ አዳመጠና፣ «እማዬ፣ ይቺ ሴትዮ ደረቷን አሟታል። ነገ ትጥፋና ልያት፣» አለ።

«ምን? ገና ከመምጣትህ ቤቴን ላቀዝቅዝብህ?» ብላ ጮኸችበት ሳቦሃት። «አፈር ስሆን!»

«አንድ ቀን እኮ ነው እማዬ።»

«አንድ ሰዓትም አላጠፋም። የደረቀ አጥንትህ ይሙቅ መጀመሪያ። ፀሐይ ስትወጣ ትሠራታለህ።»

«ጉልሩ፣ ሰማሽልኝ?» አለ ሸሚዙን ከፍቶ በላብ እየተጠመቀ። «ሩስያ ያለው አለቃዬ እንኳ እንዲህ አልገዛኝም!» ሳቦሃት በማንኪያ ጀርባ መታችውና ሌላ ከሰል ጨመረች። የሚሞቀውን ክፍል ለእሱ ለቃ እሷ በብርዱ ክፍል ትተኛ ነበር። በሕይወት የተረፈችውም በዚሁ ነው።

ያን ጊዜ እናቷ ለአንድ ቀን አላጠፋም ያለችው እሳት ይኸው አሁን ለሦስት ቀን ጠፋ። ጉልሩ ይህን ስታስብ ጥቀርሻ የነካ ክንዷን ነክሳ አለቀሰች።

«አየሽው?» አለ ድምፅ ከኋላዋ። ሾርባ ይዘው የመጡት ጎረቤታቸው እትዬ ሁሪኒሶ ነበሩ፤ ሳንጊንን የሚያውቁ አሮጊት።

«አየሁት እትዬ።»

«እኔማ አጣቢዎቹ ሲያወሩ ነው የገባኝ። አፍሽን ያዢ ልጄ። እሱን አንዴ ቀብረነዋል። እሷን ደግሞ በቁሟ አትቅበሪብኝ።»

«ነገ እሳቱ ሲነድስ? እዚሁ ካልተኛሁ ብላለች። መልሳ ትዘጋዋለች እኮ!»

አሮጊቷ ምድጃውን ገላመጡት። «ብረቱን ነቅለሽ ጣይው። ተቃጠለ በያት። በዘንድሮ ብርድ ያልተቃጠለ ምን አለ?»

ጉልሩ እንዳሏት አደረገች። ቧንቧውን አራገፈች፣ ጡቡን መረገች፣ የመስኮቱን ጨርቅ ላጠች። ብረቱን ከግቢው በስተጀርባ የበረዶ ክምር ውስጥ ቀበረችው።

ሦስተኛው ቀን ሞላ። የሰፈሩ ሴቶች የዲሎቫርን ልብስ አጥበው ሰቀሉ፤ እትዬ ሁሪኒሶ ቢስሚላህ ብለው ምድጃውን ለኮሱ። እሳቱ ወዲያው ተያያዘ፤ ጭሱም ሳይተናነቅ ሽቅብ ተምዘግዝጎ ወጣ። ሳንጊን ቢያየው ደስ ይለው ነበር። ሴቶቹ እጃቸውን ዘርግተው መሞቅ ጀመሩ። ሳቦሃት ከፊት ተቀምጣ ፍሙ እስኪቀላ ጠበቀችና ተነሳች፤ ሳታየው፣ እንደ ልማዷ ወደ ቧንቧው አንገት ተንጠራራች። ቀኝ እጇ ባዶ ቦታ አገኘ።

«መዝጊያው የታለ?»

«ተቃጥሎ ነው እማዬ። አውጥቼ ጣልኩት።»

«ያን ማታ ስዘጋው ደህና ነበር።»

«ጫፉ ተበልቶ ነበር... ሌላ እናሠራለን።»

ሳቦሃት አልተቀመጠችም። የታጠበ የመሰለውን ቧንቧ አየች። የተመረገውን ጡብ አየች። ጨርቁ ወደ ተላጠበት መስኮት ዞረች።

«መስኮቱንም ከፈትሽው።»

«ትንሽ ንፋስ ይግባ ብዬ...»

«ሳቦሃት፣ ሻይሽ ቀዘቀዘ፣» አሉ እትዬ ሁሪኒሶ ፈጠን ብለው። ማንም ሻይ አልጠጣም።

«ጉልሩ።» ድምፅዋ ቀጥ ያለ ነበር። «የወንድምሽ ፊት ለምን ቀላ?»

«ብርሃን ነዋ እማዬ፣» አለች ጉልሩ። «ሁሉም ይላል እኮ።»

መልሱ ጥሩ ነበር፤ ግን ዘገየ። የዘገየው አንዲት ትንፋሽ የምትሳብበትን ያህል ነው፤ እናት ደግሞ ልጇ ስትዋሽ ለማወቅ ከዚህ በላይ ጊዜ አያስፈልጋትም። ሳቦሃት ልጇን አየቻት፣ አየቻት። ከዚያ ቀስ ብላ ፍራሹ ላይ ተቀመጠች። ጉልሩ ጩኸቱን ጠበቀች። ፊቷን ትንጭ፣ ጸጉሯን ትበትን፣ እኔንም ትምታኝ ብላ ተመኘች። እሳቱ ብቻ ይንኮሻኮሻል።

ግቢው በር ላይ የወንዶቹ ለቅሶ ተነሳ፤ ሌላ ሰው መጣ ማለት ነው። የዲሎቫር የልጅነት ጓደኛ እናት በሩን ገፍታ፣ ቀኝ እጇን ዘርግታ፣ እያለቀሰች ገባች።

«ሳቦሃትዬ! አላህ ሶብሩን ይስጥሽ! ሞቆት ነው የተኛው አሉኝ፤ እውነት ነው? ሙቀቱ እንዳይወጣበት ዘጋሽለት?»

ሴቶቹ ሁሉ ወደ ሳቦሃት ዞሩ። የምትለውን በቃላቸው ያውቁታል። አፏን ከፈተች።

«ሞቆታል፣» አለች። ሌላ አልጨመረችም።

ሴትዮዋ እጇን እንደዘረጋች ነበር። ሳቦሃት ቀኝ እጇን ከጭኗ ሥር አስገብታ ተቀመጠችበት፤ እንግዳዋን በግራዋ ጨበጠቻት።