ለሬስሊንግ ሸንጎ ያልደረሰ መርዶ

፩

ብይን።

«ወርቅነህ ያሸነፈው በክንዱ ሳይሆን በሱሪው ነው። የሱሪው ብልጭታ ባለ መስመር ሸሚዙን አጫዋች ዓይኑን ስለወጋው፣ ቄራ ትከሻውን ከምንጣፉ ሲያነሳ አላየም። እኔ አይቻለሁ። ውጤቱ በዚህ ቤት አልጸደቀም።»


፪

ይህን የጻፉት ጋሽ ዘውገ ናቸው ብሎ ሸንጎው ያምናል። ዘውገ ግን ከሞተ ሰንብቷል።

ከዚህ የጀመርኩት ላስደነግጣችሁ ብዬ አይደለም። ነገር ማለባበስ አይሆንልኝም፤ ቆይቶ ከሚያናድዳችሁ አሁኑኑ ይውጣልኝ። የጻፈችው ሚስቱ ወደርየለሽ ናት። አዳማ፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ የሶፋው ጫፍ ተቀምጣ፣ የሟቹን ስልክ ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ በአንድ ጣቷ ፊደል እየለቀመች። ሸንጎ የምላችሁ ደግሞ በቴሌግራም የተሰባሰቡ፣ በየከተማው ያሉ፣ ፊት ለፊት ተያይተው የማያውቁ የሬስሊንግ ወዳጆችን ነው።


፫

የስም ማስታወሻ።*

* ወርቅነህ የሚባለው ወርቃማ ሱሪ የሚለብሰው ነው። ቄራ ያ በር የሚያክለው ሰውዬ ነው፤ እጁ የገባ ሁሉ ይታረዳላ። ጋሽ ብረቱ ጢሙ የሸበተው፣ ጉልበቱን በፋሻ ጠቅልሎ የሚወጣው አንጋፋ ነው። የባሕር ማዶ ስማቸውን እዚህ አንፈልገውም። እነዚህን ስሞች ያወጣላቸው ዘውገ ነው። ሸንጎው ደግሞ ለዘውገ «ዳኛው» የሚል ስም አወጣለት፤ ቅዳሜ ከሰዓት ዝግጅቱ ሲያልቅ ብይን ሳይሰጥ አይነሳማ።


፬

ዘውገ በሕይወት ሳለ ወደርየለሽ ሬስሊንግ ዓይኗን አታሳየውም ነበር።

«ሁለት ጎረምሳ በሙታንታ ሲተቃቀፍ ቁጭ ብሎ የሚያይ ሽማግሌ አንተን አየሁ» ትለዋለች። ጀርባዋን ለቴሌቪዥኑ ሰጥታ ምስር ትለቅማለች። እሱ ደግሞ ለጀርባዋ ያወራል።

«ወዱ፣ ወንበር አነሳ እኮ።»

«ያንሳ።»

«ከኋላው ደበቀው።»

«ይደብቅ።»

«ሊመታው ነው።»

«አንተን በመታህ።»

ልጅ አልወለዱም። መናኸሪያ ስምሪት ክፍል ዕድሜውን የጨረሰ ሰው ቤቱም ሲገባ ማዘዝ ያምረዋል፤ እሷም መታዘዝ አይሆንላትም። የሁለቱ ጨዋታ ይሄው ነበር። አፏን ሞልታ እንደሳቀችበት ሁሉ አፏን ሞልታ ትወደው ነበር፤ ይህንን ግን አልነገረችውም። ተነግሮ ያልቃል ወይ ብላ ነው።


፭

መርዶ።

አገራችን ለመርዶ ሥርዓት አላት። ማልዶ ይኬዳል፣ ትልልቅ ሰው ይመረጣል፣ የልብ ሕመም ካለበት ዘዴ ይፈለጋል። ዘውገ ሁዳዴ በገባ ሰሞን ልቡ ቀጥ ሲልበትም ሁሉም በወጉ ሆኗል። የዕድሩ ጥሩንባ ተነፋ። አርሲ ላለው ወንድሙ ሰው ተላከ። የመናኸሪያ ባልደረቦቹ አንድ አውቶብስ ሞልተው መጡ።

ስልኩ ውስጥ ያሉትን ግን ማን ያስባቸው? ለነሱ መርዶ ነጋሪ አልተላከም። ባለሐዘን ደግሞ ይነገራታል እንጂ እሷው ተነስታ መርዶ ነጋሪ አትሆንም። እንዲህ ያለ ነገር ወግ አያውቀውም።

ስለዚህ ማንም አልነገራቸው።


፮

አርባው ወጣ። «አይዞሽ፣ አለንልሽ» ያለው ሰው ሁሉ አለ፣ አልዋሸም። በየቤቱ ነው ያለው።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት የዘውገ ስልክ ቻርጀሩ ላይ እንዳለ ተንጫጫ። ለምን ቻርጅ እንደምታደርገው እሷም አታውቅ። አንስታ አነበበች።

ምናሴ (ድሬዳዋ)፦ ዳኛው ጠፉብን እኮ። ብይኑስ?

ሌላው፦ ያለ ዳኛው ምን ሸንጎ አለ። እንበተን ይሻላል።

ምናሴ፦ ጋሽ ዘውገ፣ ደህና ነዎት ግን?

ዳኛው፦

«ሞቷል» ብላ ጻፈች። አጠፋችው። «አርፏል» አለች። አጠፋችው። ባለቤቱ ነኝ ብላ ጀመረችና ከዚያ በኋላ የሚመጣው ቃል አስፈራት። በመጨረሻ እንዲህ ብላ ላከች፦

ቆይ።


ሸንጎው በደስታ አበደ። «ቆይ ማለት እንደ ዳኛው ነው» አሉ። እሷም መነጽሯን ፈልጋ፣ ሪሞቱን ከሶፋው ሥር አውጥታ፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን ወደ ቴሌቪዥኑ አዞረች።


፯

ዘውገን ሆነው ለመጻፍ ከፈለጉ፦

አሸናፊን አያመስግኑ። ክፉ የተባለውን ይደግፉ፤ ዘውገ «ክፉዎቹ ቢያንስ ፊት ለፊት ናቸው» ይል ነበር። ወርቅነህን በሱሪው ይምጡበት። «በዚህ ቤት አልጸደቀም» ብለው ይዝጉ። ጥቅስ አያብዙ። «እኛ ቤት» የሚል ሲመጣብዎ፣ እኛ የሚባል ሰው አለ ወይ ብለው አያስቡ፤ ዝም ብለው ይጻፉ።

ስልኩ እንዳይረጥብ።


፰

ብይን። «ቄራ አልበደለም። የተሰጠውን ሥራ ሠራ። አልጸደቀም።»

ብይን። «ወርቅነህ ዛሬ ሲወድቅ እናቱ ብታየው ምን ትል ይሆን? አልጸደቀም።»

ብይን። «ተሸናፊው ሲወጣ ማንም አላጨበጨበለትም። ብቻውን ነው በዚያ ሁሉ መብራት መሐል ያለፈው። እኔ አጨብጭቤለታለሁ።»

እዩት እንግዲህ። ልጆቹም ለውጡን ልብ አሉ። ምናሴ «ዳኛው ዘንድሮ ልባቸው ራርቷል» ብሎ ጻፈ፤ ሌላው «እርጅና ነው» አለው። እሷ ሶፋው ላይ ሆና ፈገግ አለች። ደግሞ አፈረች፤ በሟች ስም ፈገግ ማለት አለ እንዴ?

ለምን አልነገረቻቸውም ካላችሁኝ፣ ብትነግራቸው ዘውገ ሁለተኛ ይሞትባታል። ይህን ማንም ይረዳዋል። ሌላውን እሷ ለማንም ስለማትናገረው እኔ ልናገርባት። ከአርባው ወዲህ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ብሎ ሐሳቧን የጠየቃት አንድ ሰው የለም። የሚጠይቃት ሸንጎው ብቻ ነው፤ እሱም ሌላ ሰው መስላው።


፱

በሰኔ ጋሽ ብረቱ ተሸነፈ። ሸንጎው ተንጫጫ፣ ድራማ ነው ተባለ፣ ዲሼን ልሸጥ ነው ያለም ነበር። ዳኛውን ጠበቁ።

ብይን።

«ጋሽ ብረቱ ተሸንፏል። መናደዳችሁ ልክ ነው። ግን ቄራ ብድግ አድርጎ ሊጥለው ሲል እጁን አያችሁት? መዳፉን በሽማግሌው ማጅራት ሥር አስገባ። አንገቱ እንዳይመታ ነው። ከዚያ ጣለው። ካሜራው ወዲያው ዞረ፤ እንድናየው የፈለጉት እሱን አልነበረም።

ድራማ ነው ትላላችሁ። ይሁን። ተለማምደውታል ትላላችሁ። ይሁን። ጎረቤት እስኪሰማ እየተጯጯኹ፣ እየተወራወሩ፣ ግን ያኛው እንዳይጎዳ እጅን ከሥር ማስገባት እኔ የማውቀው አንድ ቦታ ብቻ ነው። ትዳር ይባላል።

ውጤቱ ጸድቋል።»

ላከችና ስልኩን ትራስ ሥር ወሸቀችው። ዘውገ እንዲህ ይጽፋል እንዴ? ዘውገ አስፋልት ሲሻገሩ «ነይ እንጂ አንቺ ኤሊ» እያለ ይሰድባት ነበር፤ መኪና በሚመጣበት በኩል የሚሆነው ግን ሁልጊዜ እሱ ነው። እሱን አስባ ነው የጻፈችው። እስኪወጣላት አለቀሰች፤ በአርባውም እንዲህ አላለቀሰችም።

ትራሱን ስታነሳ ከሸንጎው ማንም አልተሳለቀም። ምናሴ ብቻ «ይሄን ላስቀምጠው ነው» ብሏል።


፲

ሐምሌ ላይ ምናሴ ለብቻ ጻፈላት። ማለቴ ለዘውገ።

ምናሴ፦ ጋሽ ዘውገ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎ ነው። የማገባት ልጅ ቤተሰቦቿ አዳማ ናቸው። አባት የለኝም፤ ያሳደገኝ አጎቴም አርፏል። ሁለት ሽማግሌ ከድሬ ይዤ እመጣለሁ። ሦስተኛው እርስዎ እንዲሆኑልኝ ነው።

ዳኛው፦

ምናሴ፦ አይተውኝ እንደማያውቁ አውቃለሁ። ግን እንደ አባት የማየው ሌላ ትልቅ ሰው የለኝም።

ዳኛው፦

ምናሴ፦ የቤትዎን አቅጣጫ አምና ነግረውኛል። የዛሬ ሳምንት ቅዳሜ እንመጣለን። ዝምታዎን እሺታ አድርጌ ወስጄዋለሁ።


፲፩

እትዬ አመለወርቅ ታች ፎቅ ነው የምትኖረው። ሠርግና ለቅሶ ያለ እሷ አይሆንም፤ የሰፈሩ ወግ በሙሉ እሷ ጋ ነው። ቡና ልትጠጣ ሳይሆን ጨው ልትበደር መጥታ ቴሌቪዥኑን አየችው።

«አንቺ ሴትዮ፣ ምንድነው የምታዪው? ኧረ ነውር ነው።»

«አመለወርቅ፣ መርዶ ያልደረሰው ሰው ቢኖር፣ እሱ ደግሞ ሠርግ ደርሶበት ቢሆን ምን ይደረጋል?»

«ምን ይደረጋል ትያለሽ፣ ሠርጉ እስኪያልፍ ይደበቃላ። ሰው ደስታ ላይ መርዶ ይዞ ይኬዳል?»

«ሽማግሌ ሆኖ የሚሄድለት ሟቹ ቢሆንስ?»

አመለወርቅ እጇን የወደርየለሽ ግንባር ላይ አሳረፈች።

«ትኩሳትስ የለሽም። ይሄ ሬስሊንግ ነው ያዞረሽ። አጥፊውና ነይ እኔ ቤት ዋይ።»

«እሺ፣ እመጣለሁ» አለች ወደርየለሽ። አልሄደችም።


፲፪

በነዚያ ቀናት የጻፈቻቸውና ያልላከቻቸው፦

ልጄ፣ አሞኛልና

ልጄ፣ አዳማ የለሁም

ልጄ፣ እኔ ጋሽ ዘውገ አይደለሁም፣ እኔ

እኔ


፲፫

ቅዳሜ። ዝናብ።

የዘውገን ፎቶ ከግድግዳው አወረደች። አልጋ ሥር ልትከተው ጎንበስ አለችና ወገቧ ያዛት፤ እዚያው እንዳጎነበሰች «ምን እየሠራሁ ነው?» አለች። መልሳ ሰቀለችው። ጥቁሯን ለመቀየርም አስባ ነበር፤ ዓመቱ ሳይሞላ ሐዘን የምታወርድ ማን አለች? እንደ ልማዷ ሶፋው ጫፍ ተቀመጠች። ልጁ ተመልሶ ቢሄድስ? ሽማግሌ ጎድሎበት ልጅቷን ቢያጣስ? ሸንጎው ቢያባርራትስ? በሰው ሠርግ መሐል ለራሷ መስጋቷ አሳፈራት፣ ግን ሰጋች።

ቴሌቪዥኑ ላይ ወርቅነህ በሱሪው እየተንቆጠቆጠ ወጣ።

በሩ ተንኳኳ።


፲፬

ምናሴ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ እትዬ። የጋሽ ዘውገ ቤት ነው?

ወደርየለሽ፦ ነው። ግባ፣ ልጄ።

ምናሴ፦ ሽማግሌዎቹ ታች መኪና ውስጥ ናቸው። እንዳይረፍድብን ነው፣ እሳቸው ከተዘጋጁ…

ወደርየለሽ፦ መጀመሪያ ቁጭ በል።


የዚህ አገር ልጅ ነውና ገባው። ልብሷን አየ። ግድግዳውን አየ። በፌስታል የያዘውን ብርቱካን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ፣ ሙሉ ልብሱን እንደለበሰ፣ እንደተባለው ተቀመጠ። በስልክ ብቻ ለሚያውቀው ሰው አባቱ የሞተ ያህል አለቀሰ። እሷ ቆማ ትከሻውን ያዘችው። ከታች የመኪና ጥሩንባ ተሰማ፤ ሁለቱም አልተንቀሳቀሱም።


፲፭

ምናሴ፦ መቼ ነው?

ወደርየለሽ፦ ሁዳዴ የገባ ሰሞን።

ምናሴ፦ ሁዳዴ።

ወደርየለሽ፦ አዎ።

ምናሴ፦ ጋሽ ብረቱ የተሸነፈው ግን በሰኔ ነው።

ወደርየለሽ፦ በሰኔ ነው።

ምናሴ፦ ልጅቷ ስታመነታ ያንን ብይን አንብቤላት ነው እሺ ያለችኝ። አባቷ ፊት እንዲቆምልኝ የመረጥኩትም ያንን የጻፈውን ሰው ነው። ዛሬም የምፈልገው እሱን ነው፣ እትዬ። ማነው?


፲፮

ወደርየለሽ፦ እኔ ነኝ።