የባንጎው ጥያቄ

ታምሬ ጋረደው ቅጹን ከተቀበለ ሦስት ቀኑ ነው። አሥራ ሦስቱን ጥያቄ እንደተቀመጠ ሞላ። አሥራ አራተኛው ላይ ሲደርስ ግን እጁ አልታዘዝ አለው። «ባንጎ አጭሰህ ታውቃለህ?» ይላል። ከሥሩ ሁለት ትንንሽ ሳጥን አለ፤ አንዱ «አዎ»፣ አንዱ «አይ»።

በሱዳኗ ገዳሪፍ ባንጎ የሚሉትን ሐሺሽ የማያውቅ የቀን ሠራተኛ የለም። ታምሬም ከሁለት ዓመት በፊት፣ ከመተማ ተሻግሮ በመጣበት መኸር አወቀው። ሰሊጥ ቀጠሮ አያከብርም። ደርሶ ሁለት ቀን ከተተወ አፉን ከፍቶ ፍሬውን መሬት ላይ ያረግፋል። ስለዚህ አጫጆቹ ወገባቸው እንዳይሰማቸው ያጨሱና ጎንበስ እንዳሉ ይውላሉ። ታምሬ አርባ ቀን አጨሰ። ሰሊጡ ሲያልቅ እሱም ተወው፤ ከዚያ ወዲህ ወደ አፉ አላስጠጋውም። ቅጹ ግን መቼ እንደተወው አይጠይቅም።

የሚወዳደርበት ሥራ አስተርጓሚነት ነው። በዚያ በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት ረሃብ ሕዝቡ በጠረፉ ሲጎርፍ፣ የሱዳን መንግሥት ትልቅ የመቀበያ ሰፈር አጥሮ ነበር። ሰፈሩ ውስጥ ኩፍኝ ስለገባ ከውስጥ የሚወጣ፣ ከውጭ የሚገባ የለም። ወታደሮቹን የሚያልፈው የጸጥታ ክፍሉ መርምሮ ካርድ የሰጠው ሰው ብቻ ነው። ከአጥሩ ውስጥ ደግሞ የታምሬ ታላቅ እህት ኮከብ አለች። ሲያስገቧት ያየች አሰጋሽ የምትባል የአገሩ ሴት ናት የነገረችው።

«እግሯ አብጧል» አለችው አሰጋሽ። «ልጇን አዝላለች።» ከዚያ በላይ ስትጠየቅ ዓይኗን ወደ መሬት ጣለች።

«አይ» ብሎ ቢጽፍና ቢደረስበት እስር ቤት ነው። «አዎ» ቢልስ? ካርዱንም ኮከብንም ይርሳቸው። ሳጥኖቹን ባዶ ትቶ ቅጹን መለሰ። ለቃለ ምልልስ ከነዋስህ ሐሙስ ና አሉት።

ዋሱ ወደ አጫጅ ቡድኑ ያስገባው ከማሉ ነው፤ ሌላ ሊሆንም አይችልም። በሰሊጥ አጫጆች ዘንድ አዲስ መጪን ወደ ቡድኑ ያስገባ ሰው ዕድሜ ልኩን ዋሱ ነው። ሌላ ዋስ መፈለግ ያንን ሰው መስደብ ነው። ከማሉ ሃያ ዓመት ገዳሪፍ የኖረ የወሎ ሰው ነው፤ በቡድኑም የሚታወቀው ባለመማሉ ነው። አጫጆች በየድርሻቸው ወሰን ሲጣሉ ሌላው ሁሉ «ወላሂ!» «ማርያምን!» እያለ ይጮሃል። ከማሉ «አይቻለሁ» ወይም «አላየሁም» ብቻ ይላል። ክርክሩ እዚያው ያበቃል። እስላሙም ክርስቲያኑም ከመሐላው ይልቅ የከማሉን ቃል ያምናል።

ታምሬን እንቅልፍ የነሳውም ይኸው ነው፤ ሲያጨስ ከማሉ በዓይኑ አይቶታል። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሄዶ አገኘው። ከማሉ ደጃፉ ላይ የተቀደደ ጫማ ይሰፋ ነበር።

«አያ ከማሉ፣ ነገ ስለ ባንጎው ይጠይቁዎት ይሆናል።»

«ይጠይቁኛ።»

«ምን ሊሉ ነው?»

«አንተስ ምን ልትል ነው?»

«እኔማ… ገና አልቆረጥኩም።»

«አንተ ሳትቆርጥ እኔን ምን ታጣድፈኛለህ? ያንን ወስፌ አቀብለኝና ወደ ሥራህ ሂድ።»

ታምሬ ወስፌውን አቀብሎ ሄደ። መንገዱን ሙሉ የከማሉን ድምፅ በልቡ ሲያዳምጥ፣ አንዴ የሚያጽናና፣ አንዴ የሚያስፈራ ሆኖበት ደረሰ።

ሐሙስ ጠዋት ከቢሮው በረንዳ ላይ ተቀምጠው ሲጠብቁ ደሴ እየሳቀ ወጣ። ደሴ የቡድናቸው አጫጅ የነበረ፣ ከባንጎ ጋር በተያያዘ ማንም የማይደርስበት ሰው ነው። ከኪሱ አዲስ ካርድ አውጥቶ አሳያቸው።

«ባንጎ አጭሰሃል ወይ ሲለኝ፣ ጌታዬ፣ በወጥ ነው ወይስ በወተት የሚበላው? አልኩት።»

«ቀስ በል እንጂ!» አለ ታምሬ ወደ በሩ እያየ።

«ምን ቀስ እላለሁ፤ ካርዱ እጄ ላይ ነው። ይልቅ አንተ ፊትህን ጥረግ። ቀብር የመጣህ ነው የምትመስለው።»

«ከማሉ!» ብለው ከውስጥ ተጣሩ።

ከማሉ ጫማውን አራግፎ ገባ። ታምሬ በመስኮቱ በኩል ጀርባውን ብቻ ያያል። የጸጥታ ክፍሉ መኮንን አንድ ነገር ጠየቀው። ከዚያ ከመሳቢያው በጨርቅ የተጠቀለለ መጽሐፍ አውጥቶ ወደ ከማሉ ገፋ አደረገው። ቁርአን ነው። ታምሬ ወደ መስኮቱ ተጠጋ። በዚህ ጊዜ አንዲት ጸሐፊ መጥታ መስኮቱን ዘጋችው።

አለቀ አለ በልቡ። በወሰን ክርክር እንኳ ያልማለ ሰው ቁርአን ላይ እጁን አኑሮ አይዋሽም። አጭሷል ብሎ ወጥቷል። ዋስ የሚወጣው በጓሮው በር ስለሆነ አግኝቶ ሊጠይቀውም አይችልም። አሁን እሱ ገብቶ «አላጨስኩም» ቢል ውሸቱ በዋሱ ቃል ይያዛል።

ተጠራ። መኮንኑ መነጽሩን በመሐረብ እየጠረገ ቅጹን አየ።

«አሥራ አራትን ለምን ተውከው?»

«በአፌ ልናገር ብዬ ነው።»

«ተናገራ።»

«አጭሻለሁ። አንድ መኸር፣ አርባ ቀን። ከዚያ ወዲህ የለም።»

መኮንኑ መነጽሩን አድርጎ ቀና አለ። «ዋስህ አሁን ቁርአን መትቶ፣ የዚህ ልጅ ከንፈር ባንጎ ነክቶ አያውቅም ብሎኛል።»

ታምሬ ጆሮውን አላመነም። ወንበሩን በሁለት እጁ ያዘ።

«ከሁለታችሁ አንዱ ዋሽቷል» አለ መኮንኑ። «እሱ ከሆነ በሐሰት መሐላ አስረዋለሁ። ማን ነው?»

«እሱ አልዋሸም» አለ ታምሬ። «ተደብቄው ነው ያጨስኩት። ቢያየኝ ከቡድኑ ያባርረኝ ነበር። እሱ የሚያውቀውን ነው የማለው።»

መኮንኑ ብዕሩን አንስቶ «አዎ» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አደረገ። 

«ያኔ አዲሱ የሸሪዓ ሕግ አልወጣም ነበር፤ አላስገርፍህም። ካርድ ግን የለህም።»

«ጌታዬ፣ እህቴ እዚያ ውስጥ ናት።»

«የስንቱ እህት እዚያ ናት» አለና ቅጹን ገልብጦ አስቀመጠው። «ሂድ።»

ከማሉ ከጓሮው ኒም ዛፍ ሥር ቆሞ ይጠብቀው ነበር።

«ምን አልክ?»

«አጭሻለሁ አልኩ።»

 ከማሉ እጁን ደጋግሞ በልብሱ ጠረገ። «ሃምሳ ዓመት የጠበቅኩትን አፌን ዛሬ አጎደፍኩት» አለ። «እውነተኛ መሆን ያማረህ ዛሬ ነው?»

«አያ፣ እርስዎ አይምሉም ብዬ እኮ ነው።»

«እህትህ እዚያ ውስጥ ወድቃ ምን እንድል ነበር የጠበቅከው?»

 ከመንገዱ በኩል የሎሪ ጥሩምባ ተሰማ። አዲሶቹን አስተርጓሚዎች ጭኖ ወደ ጠረፉ ሊሄድ ነው። ታምሬ ሮጠ። ደሴ ከኋላ፣ ከጆንያው ላይ ተደላድሎ ተቀምጧል።

«ደሴ! ኮከብ ጋረደው ትባላለች! ግራ ቅንድቧ ላይ ጠባሳ አላት!»

«አገኛታለሁ፣ አታስብ።»

«ድገመው!»

«ኮከብ ጋረደው። ቀኝ ቅንድብ።»

«ግራ! ግራ ነው ያልኩህ!»

«እሺ፣ ግራ፤ ምን ያስጮህሃል፣ ሰው ያየናል።»

ሎሪው ተነሳ። ታምሬ የጎኑን እንጨት ይዞ አብሮ ይሮጣል። «ልጇ ሉሉ ይባላል! እሷ መናገር ካቃታት ልጁን በስሙ ጥራው!»

ደሴ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ ወደ ፊት ዘንበል አለ። «ማን?»

«ሉሉ!»

ደሴ «እሺ» እንደሚል ራሱን ነቀነቀ። ሰምቶ ይሁን ሳይሰማ፣ ታምሬ ከአቧራው ውስጥ ሆኖ ሊለይ አልቻለም።