ማረፍ በፈረንሳይኛ

ልብስ ተኳሹን የሥራ ጓደኞቹ እንደ ፈረንሳይ ጌታ «ሙሴ» ይሉታል። ስሙ የወጣለት የፈረንሳይኛ ደብተሩን በተጣጠፈ አንሶላ መሀል ደብቆ ሲያጠና የተያዘ ዕለት ነው። የሚሠራው በአንድ ትልቅ ሆቴል ምድር ቤት፣ መስኮት በሌለው የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ነበር። ክፍሉ ሊዘጋ ነው። ሥራ አስኪያጁ ሠራተኞቹን ሰብስቦ፣ ከስድስት ወር በኋላ የእንግዶች ልብስ ውጭ ላለ ድርጅት እንደሚሰጥ ነገራቸው።

«እንግዳ መቀበያው ላይ ግን ፈረንሳይኛ የሚችል አንድ ሰው እንፈልጋለን። ተምሮ ፈተናውን ያለፈ ይቀራል። ያላለፈውን ደግሞ እናመሰግናለን» አለ።

እናመሰግናለን ማለት ውጣ ማለት መሆኑ ያልገባው ሰው አልነበረም።

ሙሴ ዓይን አፋር ነው። ሰው በመንገድ ላይ ሰላም ሲለው እንኳ መልሱ የሚመጣለት ሰውየው ካለፈ በኋላ ነው። አብሮት የሚሠራው ሽማግሌ አጣቢ ይህንን ስለሚያውቅ፣ «በእናቱ ቋንቋ ያልተናገረ በሰው ቋንቋ ሊናገር!» እያለ ይስቅበት ነበር።

የመጀመሪያዎቹ የትምህርት ሳምንታት ግን ደስ የሚሉ ነበሩ። ሸሚዝ ፈረንሳይኛ ሆኖ ተገኘ። አሳንሰርም፣ ሹፌርም፣ ቢሮም፣ አባዡርም እንዲሁ። ዕድሜ ልኩን ሳያውቀው ሲናገረው ኖሯል። ማታ ለእናቱ ነገራት። እናቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ የስፌት መኪናዋ ሳሎኑ ውስጥ በሩ አጠገብ ተቀምጧል።

«ዳንቴልም የእነሱ ነው» አላት።

«እንዲህ ከሆነማ እኔ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ፈረንሳይኛ ስሰፋ ኖሬያለሁ! ታዲያ ምነው አንድም ቀን አስተርጓሚ ብሎ የጠራኝ ጠፋ?» ብላ እግሯን ከመርገጫው እስክታነሳ ድረስ ሳቀች።

መከራው የመጣው ዕቃ ሁሉ ሴትና ወንድ መሆኑን ሲማር ነው። ካውያው ወንድ ነው። ጠረጴዛዋ ሴት ናት። ይህስ ይሁን፤ ግን የወንዶች ሸሚዝ ሴት ናት፣ የሴቶቹ ሸሚዝ ደግሞ ወንድ ነው።

«ጋሼ፣ እውነቴን ነው» አለው አጣቢውን።

«እንግዲህ ባልና ሚስቱ ልብስ ተለዋውጠው ቢለብሱ ይሻላቸዋል። ቁጥርስ እንዴት ይቆጥራሉ?»

«ዘጠና ሰባትን፣ አራት ጊዜ ሃያ፣ አሥር፣ ሰባት ይላሉ።»

አጣቢው እርጥብ ፎጣውን ጣለና ወገቡን ያዘ። «ክፍል ዘጠና ሰባት ያለው ሰውዬ ቁጥሩን ተናግሮ እስኪጨርስ ሱሪው ይደርቃል በለኛ!»

በሰባተኛው ሳምንት እናቱ ሞተች። እኩለ ቀን ላይ ነበር፤ መኪናዋ አጠገብ ወደቀች። ሐኪሙ ልቧ ነው አለ። ዘመድ መጣ፣ ጎረቤት መጣ። ሙሴ ተቀመጥ ባሉት ቦታ ተቀመጠ፣ ብላ ሲሉት በላ። ሁሉም የሚናገሩት አንድ ቃል ነበር። አረፈች። ከሥራ ብዛት አረፈች፣ ከዚህ ዓለም ድካም አረፈች። ሞተች ያለ ሰው አልነበረም። እሱም ስልክ ለደወለ ሁሉ «አረፈች» እያለ መለሰ። እንባ አልመጣለትም። አክስቱ፣ «ይሄ ልጅ አንጀቱ ድንጋይ ነው» ስትል ሰምቷታል። ተቆጥታ አይደለም፤ እንደ መገረም ብላ ነው። ልክ ሳትሆን አትቀርም ብሎ አሰበ።

በስድስተኛው ቀን ሥራ ገባ። ማክሰኞ ደግሞ ትምህርቱ ነበርና ሄደ። የሚማሩት ከአንድ መድኃኒት ቤት በላይ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። አስተማሪያቸውን «ማዳም» ይሏታል፤ ከውጭ የመጣች ጸጉሯ የሸበተ ሴት ናት። ከእኛ ቋንቋ የምታውቀው «ሰላም» እና «እሺ» የሚሉትን ሁለት ቃላት ብቻ ነው። በክፍሏ ውስጥ ከፈረንሳይኛ ሌላ መናገር ክልክል ነበር።

ባለፈው ሳምንት የት እንደነበረ ጠየቀችው። ይህን አስቀድሞ አስቦበት፣ ከትንሿ መዝገበ ቃላት ላይ «ማረፍ» የሚለውን ፈልጎ ደብተሩ ላይ በጥንቃቄ ጽፎ መጥቷል። ፊደሎቹን ሦስት ጊዜ አይቷቸዋል። ቆመና አነበበ።

«ማ ሜር ስ ርፖዝ።» እናቴ አረፈች ማለቱ ነበር።

ማዳም ፊቷ በራ። ሙሴ ከራሱ አስቦ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሲናገር የመጀመሪያው ነው። «በጣም ጥሩ! ትረፍ፣ ትረፍ! ሰላም በልልኝ» አለችው በፈረንሳይኛ።

አነጋገሯ እንግዳ መሰለው፤ ነገር ግን የእነሱ ማጽናኛ እንዲህ ይሆናል ብሎ ተቀመጠ።

ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ትጠይቀዋለች። «እናትህስ? አሁንም እያረፈች ነው?»

«ቱዡር» ይላታል። ሁልጊዜ ማለት ነው።

በሁለተኛው ሳምንት ነገሩ ገባው። ማዳም እናቱን ቤት ውስጥ ጋደም ያለች አድርጋ ነው የምታስባት። ሊያርም አፉን ከፈተ፤ ግን በምን ቃል? ያለፈ ጊዜን ገና አልተማሩም። በዚያች ክፍል ውስጥ «ነበረች» የሚባል ነገር የለም። ሁሉ ነገር አለ፣ ይበላል፣ ይሠራል፣ ይመጣል። ሙሴም ስለ እናቱ ሲጠየቅ ልብስ ሰፊ ናት፣ ስልሳ ዓመቷ ነው፣ ሰማያዊ ቀለም ትወዳለች እያለ መለሰ። ደስ አይለውም፤ አይከፋውምም። ሌላው ቢቀር ስሕተት የለውም፤ ማዳም ሁሉንም በአረንጓዴ እስክሪብቶ ልክ ትለዋለች።

አንድ ቀን ማዳም ሰሌዳው ላይ ቤት ሣለች። በሩ ላይ መግባትና መውጣትን፣ ደረጃው ላይ መውጣትና መውረድን፣ ጓሮው ላይ መወለድና መሞትን ጻፈች። ያለፈ ጊዜ እንዲህ ተጀመረ። «ሙሪር»፣ መሞት፣ አለች ጓሮውን በጠመኔ እየነካች። ሙሴ ቤቱን እንዳለ ደብተሩ ላይ ገለበጠው። አሁን ቃሉም ጊዜውም አለው። ነገር ግን ዛሬ ቢናገር፣ በማዳም ፊት እናቱ ዛሬ እንደሞተች ይሆናል። አንዴ ቀብሯታል። ሁለተኛ መቅበሩ አላሰኘውም።

ፈተናው በሆቴሉ የስብሰባ አዳራሽ ተደረገ። ፈታኙ ቀጭን ከረባት ያሰረ የውጭ ሰው ነው፤ ማዳም አጠገቡ ተቀምጣለች። ሙሴ የክፍል ቁጥሮቹን ያለ ስሕተት ቆጠረ። እንግዳ ተቀበለ፣ ቁልፍ ሰጠ፣ አሳንሰሩን አሳየ። ፈታኙ በየመሀሉ ይጽፋል።

«አሁን ስለ እናትህ ንገረኝ» አለው።

ይህንን ያውቀዋል። «እናቴ ልብስ ሰፊ ናት» አለና ቆመ። ከዚያ በኋላ ያለው ዓረፍተ ነገር አፉ ውስጥ አለ፤ እንቢ ያለው ለመውጣት ነው። ፈታኙ ሰዓቱን አየ። ዝምታ ነጥብ ያስቆርጣል። ማዳም ልትረዳው ፈለገችና ፈገግ ብላ በሹክሹክታ፣ «ስ ርፖዝ...» አለችው።

እሱን ቢደግም ያልቃል። ይድናል።

«ኤል ኤ ሞርት» አለ።

ሞተች የሚለውን ቃል በየትኛውም ቋንቋ ሲናገር የመጀመሪያው ነው። ፈታኙ ራሱን ነቀነቀ። «ጥሩ። ለሴት ሲሆን መጨረሻዋ ላይ ‹ት› ትሰማለች። ብዙ ሰው ይዘነጋታል» ብሎ ነጥብ ጻፈ። «ከመቼ ጀምሮ?»

«ከሰባተኛው ትምህርት ጀምሮ» አለ ሙሴ።

ፈታኙ መልሱ አሳቀው። ማዳም ግን አልሳቀችም። እስክሪብቶዋን ከደነች፣ ከፈተች፣ መልሳ ከደነች።

ሲወጣ ኮሪደሩ ድረስ ተከትላው መጣች። ሰኞ ሥራ እንደሚጀምር፣ ኮት እንደሚሰፋለት ፈታኙ ነግሮታል። ማዳም ከእኛ ቋንቋ ከምታውቃቸው ሁለት ቃላት አንዱም ለዚህ የሚሆን አልነበረም። እጅጌውን ያዝ አድርጋ ለቀቀችውና ተመለሰች።

ቤት ሲደርስ ታላቅ እህቱ ድንች እየላጠች ነበር።

«እህ? አለፍክ?»

«አለፍኩ፣ እትዬ።»

«እሰይ! እሰይ የኔ ወንድም! ምን ምን ጠየቁህ?»

«ቁጥር። ቁልፍ። ስለ እናታችንም ጠየቁኝ።»

ቢላዋው ቆመ። «ምን አልካቸው?»

«ሞተች አልኳቸው።»

«አንተ! ለእናት እንዲህ ይባላል? አረፈች አይባልም?»

«በእነሱ ቋንቋ ያረፈ ሰው ተመልሶ ይነሳል» አላት።

እህቱ ድንቹን በእጇ እያገላበጠች ቆየች። «እንዴት ነው የሚባለው?»

ነገራት። ደገመችው። «‹ር›ን ከምላስሽ አይደለም፣ ከጉሮሮሽ ነው» ብሎ አረማት። ድጋሚ አለችው፤ አሁንም ከምላሷ ነበር። በሦስተኛው ከጉሮሮዋ ወጣ።

«አሁን ልክ ነሽ» አላት።

እህቱ ቢላዋውን አስቀምጣ በክንዷ ፊቷን ሸፈነች። ሙሴ ጎኗ ተቀመጠ። ድንቹ ብዙ ስለነበረ ቢላዋውን አንስቶ መላጥ ጀመረ።