እጇን የማታነሳ ደንበኛ

እግዜር እኔን ሲፈጥር ጭቃው አልቆበት ነው መሰለኝ። ለልብስ ሰፊዎቹ ግን ጨርቅ ተርፏቸዋል።

አርባ ሊሞላኝ ትንሽ ነው የቀረኝ። ሒሳብ አስተምራለሁ፣ ወገቤን ያመኛል፣ አንድ ባል ፈትቻለሁ። በሜክሲኮዋ አትሊክስኮ ከተማ ውስጥ ካለው ትልቁ ሱቅ ስገባ ግን ሻጯ ጎንበስ ብላ «ማሚዬ፣ እናትሽ የት ሄደች?» ትለኛለች። እናቴማ ቤቷ ቁጭ ብላ ባቄላ እየለቀመች ነው፤ ሱሪ ልትመርጥልኝ አልመጣችም።

ከሴቶች ክፍል የመጨረሻውን ትንሽ ቁጥር ስለብስ ትከሻው ክርኔ ላይ ይወርዳል፣ አንገቱ እምብርቴን ሊያሳይ ምንም አይቀረው። «ውይ ሲያምርብሽ! ዘንድሮ እኮ ፋሽኑ ሰፋ ያለ ነው» ትላለች ሻጯ። ዘንድሮ! እኔ ላይ ሰፋ ያለ ፋሽን የሆነው ከተወለድኩ ጀምሮ ነው። ከዚያ ወደ ልጆች ክፍል እወጣለሁ። እዚያ ርዝመቱ ልክ ነው። ነገር ግን የልጆች ልብስ የሚሠሩ ሰዎች ጡትና ዳሌ የሚባል ነገር መኖሩን አልሰሙም፤ ደረቱ ላይ የሚያብለጨልጭ ድመት ያልለጠፉበት ሸሚዝም አይሸጡም። ድመት ደረቴ ላይ ለጥፌ እኩልዮሽ አስተምሬያለሁ። የባሰ አታምጣ ነው።

የባሰው መጣ። የትምህርት ቤታችን ዳይሬክተር አድርገው ሾሙኝ፤ ሹመቴም ሰኞ ጠዋት በባንዲራው ሥነ ሥርዓት ላይ፣ ወላጅ ሁሉ ባለበት ሊታወጅ ሆነ። አምና አንድ ተቆጣጣሪ ሊጎበኘን መጥቶ ከመምህራኑ መሀል ቆሜ ሲያየኝ፣ ጆሮዬን ቆንጠጥ አድርጎ «ዩኒፎርምሽስ? ግቢ ወደ ሰልፍሽ!» ብሎኛል። ተማሪዎቹ እስከ ዛሬ ባለፍኩ ቁጥር ጆሯቸውን እየቆነጠጡ ይሳሳቃሉ። እንግዲህ የትልቅ ሰው ልብስ ለብሼ ፊታቸው ካልቆምኩ አለቀልኝ፤ ድመት ለብሳ የመጣች ዳይሬክተርን ማን ይሰማል?

«ዶኛ ቶማሳ ጋ ሂጂ» አለች እናቴ። «እሷ እኮ የእመቤታችንን ልብስ ነው የምትሰፋው!»

«እና እኔን ምን አገባኝ?»

«ለእመቤታችን የሰፋች ላንቺ ያቅታታል?»

ዶኛ ቶማሳ በሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን የቆመውን የእመቤታችንን ሐውልት የሚያለብሱ ሴት ናቸው። በየዓመቱ ለሕማማት ጥቁር፣ ለፋሲካ ደግሞ ወርቀ ዘቦ አዲስ ቀሚስ ይሰፋሉ፤ የአምናውን ቆራርጠው ለበሽተኛ ለበረከት ያድላሉ። ሜትራቸውን አውጥተው ትከሻዬን ለኩ፣ ወገቤን ለኩ፣ ድንገት አማተቡ።

«ምነው፣ ደኅና?»

«ልክ እሷን ነሽ! ትከሻ ብትይ፣ ወገብ ብትይ! በጣት አትበልጪ፣ በጣት አታንሺ። ልጄ፣ እኔ እኮ ያንቺን ልብስ ስሰፋ ነው የኖርኩት!»

ተመልከቱ እንግዲህ። በመላው ሜክሲኮ ከኔ ጋር አንድ ቁጥር የምትለብስ ትልቅ ሴት ተገኘች፤ እሷም ከእንጨት የተቀረጸች ናት።

ልሞክረው ስመለስ ዶኛ ቶማሳ «እጅሽን ሆድሽ ላይ አጣምሪ። እንዲህ። ቀጥ በይ፣ እንዳትነቃነቂ» አሉኝ። ለጨዋነት መስሎኝ ታዘዝኩ። መስታወቱን ሳይ፣ አልዋሽም፣ አለቀስኩ። ትከሻው ትከሻዬ ላይ፣ ወገቡ ወገቤ ላይ፣ እጅጌው የእጄ አንጓ ላይ ተቀምጧል። ጥቁር ኮትና ጉርድ ቀሚስ የለበሰች፣ ድመት የሌላት ሴትዮ ቆማለች። አንቱ ልላት ምንም አልቀረኝም።

«ገበሩንም ለበረከት ከአምናው የፋሲካ ቀሚሷ ነው ያደረግሁልሽ» አሉ ዶኛ ቶማሳ። «ወርቀ ዘቦ ነው። ግድ የለሽም፣ አይታይም።»

ሰኞ መድረኩ ላይ ወጥቼ እጄን አጣምሬ ቆምኩ። ጆሮውን የቆነጠጠ አንድም አልነበረም። እናቴ ከወላጆቹ መሀል አገጯን ቀስራ ጎረቤቶቿን ትገላምጣለች። ባንዲራዋ ገባች። «ሰላምታ!» ተባለ፤ ሰው ሁሉ ክርኑን ወደ ጎን አንስቶ መዳፉን ደረቱ ላይ ዘረጋ።

እኔም ላነሳ አልኩ። ክንዴ እምቢ አለ።

ያን ጊዜ ገባኝ። ዶኛ ቶማሳ የሰፉት ለኔ አይደለም፤ እጇን አጣምራ ለምትኖረው፣ ክንዷን አንስታ ለማታውቀው ደንበኛቸው ነው። ምን ይሻላል? ለባንዲራ ክንዷን ያላነሳች ዳይሬክተር ወሬዋ እስከ ማታ ገበያውን ያዳርሳል። ጥርሴን ነክሼ ሳብ አደረግሁት።

ከብብቴ እስከ ክርኔ ተቀደደ። ማይክሮፎኑ ክፍት ስለነበር ከመንገድ ማዶ ቶርቲያ የሚባለውን የበቆሎ ቂጣ የምትጋግረው ሴትዮም ሰምታለች። በቀዳዳው ወርቀ ዘቦው ብቅ አለ፤ ፀሐይዋም ውለታ ልትውልልኝ ፈልጋ ልክ እዚያው ላይ አረፈች።

ተማሪው ለመሳቅ አፉን ከፈተ። ገና ሳይስቅ ግን አንዲት አሮጊት «የእመቤታችን ቀሚስ!» ብለው ተንበረከኩ። ቀጥሎ አጠገባቸው ያለችው ተንበረከከች። ቀጥሎ እናቴ። የገዛ እናቴ!

ወይ ጉዴ! ከአሥራ ሁለት ዓመት ልጅነት ተነስቼ፣ አርባን ዘልዬ፣ የአራት መቶ ዓመት ሐውልት ሆኜ አረፍኩት። ትልቅ ሰው በሉኝ ያልኩት እስከዚህ ድረስ አልነበረም። ደሜ ፈላ።

«ተነሱ!» ብዬ ማይክሮፎኑ ላይ ጮህኩ። «ለኔ አይሰገድም! ሄርሚኒያ ነኝ፣ የሒሳብ መምህርቷ፣ ዳይሬክተራችሁ! ባንዲራዋ ገና አላለፈችም፣ ክንዱን የሚያወርድ ወየውለት! እማዬ፣ አንቺንም ነው!»

እናቴ ተነሳች። ክንድ ሁሉ ተነሳ። የኔም የተቀደደ እጅጌውን እንዳንጠለጠለ መዝሙሩ እስኪያልቅ ተነስቶ ቆየ፤ የሳቀ የለም።

በኋላ ቢሮዬ ገብቼ ቁጭ ልል ስል (ጉርዱም ለመቀመጥ አልተሰፋም፣ እሱን ሆድ ይፍጀው) አንዲት ተማሪ በሩን አንኳኳች። ከሰባተኛ ክፍል ናት፤ እኔን የምታህል። የሹራቧ እጅጌ ተጠቅልሎ ተጠቅልሎ ክንዷ ላይ ቀለበት ሠርቷል፤ ጉርዷን ወገቧ ላይ በመርፌ ቁልፍ ይዛዋለች።

«ለበረከት ከሆነ የመጣሽው ኮቱ አይሳምም» አልኳት ቀድሜ።

«አይ... ማን እንደሰፋልዎት ልጠይቅ ነው። ከመቀደዱ በፊት ልክዎ ነበር።» አቀረቀረች። «ለኔ ሁልጊዜ ትልቅ ነው የሚገዙልኝ፤ ታድጊበታለሽ እያሉ።»

ታድጊበታለሽ! እኔም በዚያች ቃል ነው ያረጀሁት። አንጀቴን በላችው፤ እጇን ይዤ ዶኛ ቶማሳ ቤት ወሰድኳት።

ዶኛ ቶማሳ ወሬው ደርሷቸው አኩርፈው ጠበቁን። «ሃያ ዓመት ሙሉ ስሰፋላት» አሉ ገና ከበሩ፣ «አንድ ቀን ቅር ብሏት አያውቅም!»

«አይከፋም፣ ዶኛ ቶማሳ፤ አሁን ይቺን ይለኩልኝ።»

ሜትራቸውን እያጉረመረሙ አወጡ። «እጅሽን ሆድሽ ላይ አጣምሪ፣ ልጄ።»

«አታጣምሪ!» አልኩ። «ይቺ ልጅ ክፍል ውስጥ እጅ ታወጣለች። አንሺ፣ የኔ ልጅ።»

ልጅቷ አንድ ጊዜ ዶኛ ቶማሳን፣ አንድ ጊዜ እኔን አየችና ክንዷን እስከሚዘረጋ ድረስ ወደ ጣሪያው አነሳችው።