ባዶውን የሚዞር ባቡር

ባሌ ቀጄላ የጓሮ ጎመኔን ነቅሎ የመጫወቻ ባቡር ሐዲድ ከዘረጋ ስድስት ዓመት ሆነው። ጉልት ላይ አትክልት እየሸጠች ለቤቷ ጎመን የምትገዛ ሴት ለቡ ሰፈር ውስጥ እኔ ብቻ ነኝ። እሱስ ይሁን። ያንገበገበኝ ሌላ ነው፤ ያ ሁሉ ባቡር አንድ ፍሬ ሽንኩርት ጭኖ አያውቅም። ባዶውን ይዞራል!

«ጭነቱ ከወጋየሁ ጋር ስንገናኝ ነው» ይል ነበር። ጋሽ ወጋየሁ ጎረቤታችን ናቸው፤ እሳቸውም በጓሯቸው ባቡር አላቸው። ቀጄላ የድሮው ባቡር ሠራተኛ ነበር፣ እሳቸው ደግሞ የአዲሱ። ሐዲዳቸውን በቆርቆሮው አጥር ስር ሊያገናኙ ተስማምተው ከሁለቱም በኩል እየዘረጉ መጡ። ሲደርሱ የቀጄላ በድሮው ልክ ጠባብ፣ የጋሽ ወጋየሁ በአዲሱ ልክ ሰፊ! አንዳቸውም አስቀድመው አልለኩም።

«አንተ ንቀል!» «አንተ ንቀል!» ተባብለው ተኳረፉ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሰላምታ የለም። ቀጄላ የሚያጫውተው ሰው አጥቶ ከእሳቸው ጋር ሲከራከርበት የኖረውን የባቡር ፍሬን የሚያወራው ለእኔ ሆነ።

ባለፈው ቅዳሜ ጉልቴ ላይ ተቀምጬ ሳለ ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ መኪና መጣ። በጭቃው ምክንያት እስከ ጉልቱ አልገባም፤ የአህያ ጋሪ ጎኑ ተጠጋ፣ ጆንያው ከዚያ ወደዚህ ተላለፈ፣ አለቀ። አይሱዙው ጋሪ ካልሆነ ብሎ የተኳረፈ የለም! ብቻዬን ሳቅሁ።

«እትዬ ገዲሴ፣ ምን ነካሽ?» አለችኝ ደንበኛዬ ያኤል።

«ባቡር» አልኳት።

እሁድ ከቸርች እንደተመለስኩ፣ ጫማዬን እንኳ ሳልቀይር፣ የአጥሩን ቆርቆሮ ከስሩ ቀድጄ አጠፍኩት። የእኛን ሐዲድ ጫፍ ነቅዬ ከጋሽ ወጋየሁ ሐዲድ ጎን አስጠጋሁት። የእሳቸው ፉርጎ ከፍ ስለሚል የእኛን በጡብ አነሳሁት። መሃላቸው ጣውላ አጋደምኩ።

ቀጄላ እየሮጠ መጣ። «ኧረ አንቺ ሴትዮ! ሐዲዴን!»

«ሐዲድህ እንደጠበበ ነው። የሚሻገረው ዕቃው ነው። አርፈህ ባቡርህን አምጣ!» ከዚያ በቀዳዳው ጮህኩ፤ «ጋሽ ወጋየሁ! ባቡርዎን ያምጡ፣ ዕቃ አለዎት!»

«የምን ዕቃ?»

«እንቁላል!»

 የባቡራቸው ሞተር ሲያጉረመርም ሰማሁ።

ቀጄላ ከሳርዲን ጣሳ በሠራው ጎኑ ክፍት ፉርጎ የዶሮዬን እንቁላል ጭነን መጣን። ሁለቱ ሽማግሌዎች ከአጥሩ ወዲህና ወዲያ ተንበርክከው፣ ግንባር ለግንባር ሊጋጩ ምንም አልቀራቸው። እንቁላሉን በጣቴ ገፋሁት። ጣውላው ላይ ተንከባለለ።

«ቀስ! ቀስ!»

«ያዘው እንጂ ወጋየሁ፣ ምን ታየኛለህ!»

«ፍሬንህን ያዝ አንተ!»

«ፍሬኔ ካንተ ይሻላል!»

እንቁላሉ ገባ። ሳይሰበር! እኔ በሳቅ ፈርሼ ቆርቆሮውን ተደግፌያለሁ፣ እነሱ ያቋረጡትን የፍሬን ክርክር ከሁለት ዓመት በኋላ ቀጥለዋል። ጋሽ ወጋየሁ በመልሱ ምን ቢልኩልኝ ጥሩ ነው? አንድ እስር ጎመን!

ቀጄላ ባቡሩን ሊያስነሳ የድሮ ፊሽካውን ፍለጋ አንገቱን ዳበሰ። ፊሽካውማ ሐዲዱን ልነቅል ስወጣ ከቤት ይዤው ወጥቼ እኔ አንገት ላይ ነበር። ሰፈሩ እስኪሰማ ነፋሁት።