ስለ ስድስት መቶ ቤት

ሰባት በር ዘለው ነው የእኛን የሚያንኳኩት። ይህን ቀድማ የነገረችኝ ጎረቤቴ ናት፤ ወሬ አምልጧት ስለማያውቅ ሰፈሩ «ሬዲዮ» ይላታል። ደረጃው ላይ ቆማ በሮቹን ስትቆጥር ቆይታ እየሮጠች መጣች።

«እኔን ዘለውኝ አለፉ እኮ» አለችኝ ተቀይማ። «የእኔ ቤት ቤት አይመስልም?»

«እነማን ናቸው?»

«ልጅ የሚለኩ ናቸው። ከጤና ነው የመጣነው ይላሉ። አንዷ የሬሳ ሳጥን ክዳን የሚያክል ሳንቃ ተሸክማለች፣ አንዱ ሚዛን ይዟል።»

እኔ የምፈራው ነገር ብዙ ነው። ደረጃ እፈራለሁ፣ የፈላ ውሃ እፈራለሁ፣ ያልተከደነ ባልዲ እፈራለሁ፣ በመስኮት የሚገባ ንፋስ እፈራለሁ። ልጄ «እማ፣ አንቺ ፀሐይ በሰዓቷ ብትወጣም ትሰጊያለሽ» እያለ ይቀልድብኛል። የዚያን ቀን ግን የፈራሁት ሚዛኑን ነው።

ምክንያቴን ልናገር። ልጄ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ በወር ሁለት ጊዜ ቤቱን ካየ ብዙ ነው። ምራቴ የልብስ ፋብሪካ ሠራተኛ ናት፤ ማልዳ ወጥታ ከሰዓት በኋላ ፀጉሯ ላይ የክር ብናኝ ይዛ ትመለሳለች። ሦስቱን ልጆች የማበላው፣ የማጥበው፣ የማስተኛው እኔ ነኝ። ትልቋ ተማሪ ናት። ሁለተኛው አራት ዓመቱ ነው፤ ክርክር ስለሚወድ «ጠበቃው» እንለዋለን። ሦስተኛዋ ዓመት ከሰባት ወሯ ነው። ስትወለድ እፍኝ ስለማትሞላ «ድንቢጥ» ያልኳት እኔው ነኝ። ስታድግ ስሙም ይቀራል ብዬ ነበር። አልቀረም። አንድ ክፉ ተቅማጥ ከያዛት ወዲህ ክንዷ እየቀጠነ ሄደ፤ ልብስ ስቀይርላት ዓይኔን ወደ ግድግዳው አዞራለሁ።

ሾርባዋን አቅጥኜ እንደምሰጣት አውቃለሁ። ወፈር ያለ ነገር ያንቃታል ብዬ ነው። አባቷ በሕፃንነቱ አንዲት ቁራጭ ድንች ጉሮሮው ላይ ቆማበት ፊቱ ሲጠቁር አይቻለሁ። አርባ ዓመት አለፈው፤ እጄ ግን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ማንኪያ በያዝኩ ቁጥር ይንቀጠቀጣል፣ ውሃም ይጨምራል።

«ቀጭን ልጅ ካገኙ ይመዘግባሉ አሉ» አለች ሬዲዮ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ማን ነው የሚያበላት፣ ምንድን ነው የሚያበላት እያሉ ያፋጥጣሉ።»

«ከማን ሰማሽ?»

«ከማን እሰማለሁ፣ ይባላላ።»

ድንቢጥ ተኝታ ነበር። በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ለሬዲዮ አስታቀፍኳት። «እስኪሄዱ ያዢልኝ» አልኳት።

«መዘለልም ለካ ጥቅም አለው» አለችና ቅያሜዋን እዚያው ትታ ልጅቷን ይዛ ሄደች።

ለኪዋም መዝጋቢውም የልጅ ልጆቼ ቢባሉ የሚያምርባቸው ወጣቶች ነበሩ። ውሃችንን ከየት እንደምንቀዳ፣ በምን እንደምናስቀምጠው፣ መፀዳጃ ቤቱን ስንት ቤተሰብ እንደሚጋራው ጠየቁ። ሳሙና አላችሁ ወይ አላሉም፤ ሳሙናችሁን አሳዩን ነው ያሉት። አሳየኋቸው፤ እርጥብ መሆኑን አይተው ጻፉ። ይህንንም ይጽፉታል ብዬ ገረመኝ።

«ትናንት እዚህ ቤት ያደረውን ሰው ሁሉ ይንገሩን፣ እማማ» አለ መዝጋቢው። «ትልቅም ትንሽም፣ እንግዳም ቢሆን።»

እኔ፣ ምራቴ፣ ትልቋ፣ ጠበቃው። አራት ጣቴን አጠፍኩ። አምስተኛው ጣቴ ቆሞ ሲቀር እጄን ኪሴ ከተትኩ።

«ከአምስት ዓመት በታች አንድ ብቻ ነው?»

«አንድ ብቻ።»

ጠበቃውን ጫማውን አስወልቀው ሳንቃው ላይ አቆሙት። «ተረከዝህን አስጠጋ፣ ጉልበትህን ቀጥ አድርግ፣ እኔን እየኝ» አለችው ለኪዋ።

«ቁጭ ብዬ ብለካስ?»

«ታጥራለህ።»

«ስነሳ ትጨምሪልኛለሽ።»

እየሳቀች ቁጥሩን ጮክ ብላ አነበበች፤ መዝጋቢው ጮክ ብሎ ደገመው፣ ከዚያ ጻፈ። አለቀ ስል ልጁን አውርዳ እንደገና አቆመችው። ለምን ብላት «አንዴ ያየሁትን አላምንም፣ እማማ» አለችኝ። ስለ ራሷ ዓይን ነው የተናገረችው፤ የእኔ ጆሮ ግን ጋለ። በበሩ መቃን ላይ ቁጥር ያለባት ትንሽ ወረቀት ለጥፈው ወጡ። ሬዲዮም ድንቢጥን መልሳ አመጣችልኝ።

ከሰዓት በኋላ ምራቴ ገና ጫማዋን ሳታወልቅ «ለኪዎች መጥተው ነበር አሉ» አለችኝ። «ድንቢጥን ለኳት?»

ነገሩ ወዲያው አልገባኝም ነበር። ያንን ክንድ በስውር የማየው እኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ እሷም ታየዋለች። ጤና ጣቢያ ልትወስዳት ፈቃድ ጠይቃ፣ አለቃዋ ዕቃው ተጭኖ ይለቅና ብሏት፣ ሦስት ሳምንት በሆዷ ይዛው ኖራለች።

«ለኳት» አልኩ።

«ምን አሉ?»

«ደህና ናት አሉ።»

ግድግዳውን ተደግፋ ወለሉ ላይ ተቀመጠችና ድንቢጥን ጭኗ ላይ አስቀመጠቻት። «እኔ ደግሞ ስንቱን አስቤ» ብላ ብቻዋን ሳቀች። በዚያ ሰሞን ዕቃ ስታጥብ ታንጎራጉር ጀመር። እኔ ግን ልናገር እያልኩ አፌን እከፍትና ስለ ባልዲው ክዳን ተናግሬ እዘጋዋለሁ።

በአራተኛው ቀን ምራቴ ዕረፍት ነበረች። በሩ ተንኳኳ። ፀጉሩ የሸበተ ሰው፣ ያንኑ የመሰለ ሳንቃ ተሸክሞ። የለኪዎቹ ተቆጣጣሪ መሆኑን ነገረን።

«ከአሥር ቤት አንዱን እኔ ራሴ መጥቼ እደግመዋለሁ» አለ። «ለኪዎቹን ተጠራጥሬ አይደለም። ቁጥሩን ሰው ሁሉ እንዲያምነው ነው።»

ሳንቃውን ሊዘረጋ ሲንበረከክ ጉልበቱ ቀጭ አለ። «ተሰበርክ» አለው ጠበቃው።

«የቆየ ስብራት ነው፣ አትስጋ» አለና መመዝገቢያውን ከፍቶ አነበበ። «ሁለት ልጆች። ሴት፣ ስምንት ዓመት። ወንድ፣ አራት ዓመት።»

ምራቴ ድንቢጥን ታቅፋ ቆማለች። «ሦስት ናቸው» አለች። «ይቺን ባለፈው ለክታችኋት የለም እንዴ?»

ሰውዬው መዝገቡን አየ። ልጅቷን አየ። ከዚያ እኔን አየኝ፤ ዓይኑ ላይ ቁጣ የለም፣ ይጠብቃል ብቻ። ቢቆጣ እዋሽ ነበር መሰለኝ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ደበቅኋት። ለኳት ያልኩሽም፣ ደህና ናት አሉ ያልኩሽም ውሸት ነው።»

ምራቴ አልጮኸችም። ብትጮኽ በወደድኩ። ጀርባዋን ሰጥታኝ «ይለኩልኝ» አለች ለሰውዬው።

ድንቢጥን ሳንቃው ላይ አስተኝቶ ቁመቷን ለካ። ከዚያ ከትከሻዋ እስከ ክርኗ ለክቶ መሃሉ ላይ በእስክርቢቶ ነጥብ አኖረ፤ ስፋቷ ጣት የማታክል፣ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ የተቀባች ጥብጣብ አወጣና ነጥቡ ላይ ጠመጠማት። ጥብጣቢቱ ስትሳብ አረንጓዴው አለፈ። ቢጫው አለፈ። ቀዩ ላይ ቆመች።

«አሥራ አንድ ነጥብ ሦስት» አለ።

ፈታና እንደገና ጠመጠመ። «አሥራ አንድ ነጥብ ሦስት።»

እግሮቿን በአውራ ጣቱ ተጫናቸውና ቀና አለ። «እብጠት የለባትም፣ ይሄ መልካም ነው። ግን ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ትሄዳለች። ነገ የሚባል ነገር የለም። ምንድን ነው የምትበላው?»

እኔ ሁሉንም ተናገርኩ፤ ሾርባውን፣ ውሃውን፣ ድንቹን፣ አርባ ዓመቱን። ሰምቶኝ የሪፈር ወረቀቱን ጻፈ። ምራቴ ልብስ ልትይዝ ወደ ውስጥ ስትገባ፣

«አሁን ይጻፍብኛል?» አልኩት።

«የእርስዎ ስም ከቁጥሩ ጋር አይወጣም፣ እማማ። ማንም አይከስስዎትም።» ሳንቃውን አጠፈ። «ግን ይሄ በር ስለ ስድስት መቶ ቤት ነው የሚናገረው።»

«እንዴት አድርጎ?»

«ሁሉም ቤት መግባት አንችልም። ዕጣ እናወጣለን። ዕጣ የወጣለት ቤት ሌሎቹን ወክሎ ይመልሳል፤ የእናንተ ስድስት መቶ ያህሉን ይወክላል። እርስዎ አንድ ልጅ ብቻ ሲሉን...» ብሎ አልጨረሰውም።

አላስጨረስኩትም። ወደ መስኮቱ ሄድኩ። የእኛ ሰፈር ዳገት ላይ ነው፤ ከመስኮታችን ሌላው ዳገት ሙሉውን ይታያል። ጣሪያ በጣሪያ ላይ፣ የተሰጣ ልብስ፣ የውሃ በርሜል፣ መስኮት፣ መስኮት፣ መስኮት። መቁጠር ጀመርኩ። አርባ ደርሼ ጠፋብኝ። ስድስት መቶ ለመሙላት ያ ዳገት ሁሉ አይበቃም ነበር። በየመስኮቱ አንዲት ድንቢጥ በብርድ ልብስ ተጠቅልላ ለጎረቤት ስትሰጥ ታየኝ። አንዲት ጣት ኪሴ ከትቼ ያን ሁሉ ልጅ ደብቄአለሁ። እኔ፣ ከዚህ ደረጃ በቅጡ የማልወርድ ሴት።

እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምሬአለሁ፣ ከመቶ ስንት የሚለውን ሒሳብ ሰሌዳ ላይ ወጥቼ በትክክል ሠርቼ አውቃለሁ። ያ ቁጥር ክንድ እንዳለው ግን ማንም አላስተማረኝም።

ሰውዬው አጠገቤ መጥቶ ቆመ። ያዘነልኝ መሰለኝ። «ከአሥር ዓመት በፊትም በዚህ ዳገት ለክቻለሁ» አለኝ። «ያን ጊዜ ከመቶው ልጅ አርባ አራቱ ከዕድሜያቸው በታች አጥረው ነበር። ባለፈው ልኬት ሠላሳ አንድ ሆኑ።»

«አሥራ ሦስቱስ የት ሄዱ?»

«የትም አልሄዱም። አድገዋል። ደረጃው ላይ እየሮጡ የሚያሰጉዎት እነሱ ናቸው።»

ከዚያ ነገረኝ፤ የዓለም መንግሥታት ተሰብስበው እስከዚህ ዓመት ይህን ያህል ልጅ ከረሃብና ከሞት እናወጣለን ብለው ቃል መግባታቸውን፣ ቃሉ መፈጸም አለመፈጸሙ የሚታወቀው እንዲህ በየበሩ በሚለካ ክንድ መሆኑን። እኔ የዓለም ነገር ሩቅ አዳራሽ ውስጥ የሚያልቅ ይመስለኝ ነበር። ለካስ በእኛ ኮሪደር ያልፋል፤ ሳሙናችን እርጥብ ይሁን ደረቅ ብሎ ይጠይቃል። ቆዳዬ ላይ ብርድ የመሰለ ነገር ወረደ። ፍርሃት አልነበረም፤ ፍርሃትን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ።

«ከመጀመሪያው ጀምርልኝ፣ ልጄ» አልኩት። «ትናንት ማን አደረ ብለህ ጠይቀኝ።»

ጠየቀኝ። አምስት ሰው ቆጠርኩለት። የድንቢጥን ሙሉ ስሟን ከነአያቷ ነገርኩት፤ ጮክ ብሎ ደገመውና ጻፈው።

ጤና ጣቢያ በከረጢት የታሸገ፣ ከለውዝ የተሠራ ወፍራም ምግብ ሰጧት፤ በየሳምንቱ እየተመለሰች ትለካለች። ምራቴ ለእኔ አልሰጠችኝም። ጠዋት ሳትወጣ ራሷ ታበላታለች፣ ማታም ራሷ። የቀትሩን ለሬዲዮ ሰጠቻት። ሬዲዮ ከረጢቱን ይዛ ስትገባ ፊቴን ማየት ይጨንቃት ነበር። «ምን ላድርግ፣ አደራ ነው» ትለኛለች፤ ወሬ እንኳ ጠፋባት። እኔ ጥግ ይዤ ቁጭ እላለሁ፣ ድንቢጥ ስትውጥ እያንዳንዱን ጉርሻ በራሴ ጉሮሮ አብሬ እውጣለሁ። ምራቴ ከክፋት እንዳላደረገችው አውቃለሁ። እኔም በቦታዋ ብሆን አደርገው ነበር።

በመጀመሪያው ሳምንት አሥራ አንድ ነጥብ አራት ሆነ። በሁለተኛው አሥራ አንድ ነጥብ ሰባት፤ ጥብጣቢቱ ቢጫው ላይ ቆመች። ምራቴ ቁጥሩን ለእኔ አልነገረችኝም፤ ለትልቋ ስትነግራት ሰማሁ፣ እንድሰማ ጮክ ያለች ይመስለኛል።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ማለዳ ጫማዋን አድርጋ፣ ቦርሳዋን ይዛ በሩ ላይ ቆመች። ከረጢቱን ዘረጋችልኝ።

«እማማ፣ የዛሬውን እርስዎ ያብሏት።»

«ወፍራም እኮ ነው» አልኩ።

«አውቃለሁ። ውሃ አይጨምሩበት።»

ጥጉን ቀደድኩ። ጣቴ ላይ ጨመቅሁት፤ እንደ ጭቃ ይከብዳል። እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ምራቴም ታየዋለች፤ ልትቀማኝ ግን አልተራመደችም። ድንቢጥ ጣቴን በሁለት እጇ ጨበጠችና ወደ አፏ ወሰደችው። ጉሮሮዋ ከፍ አለ፣ ቆመ፣ ከዚያ ወረደ። ሰባ ዓመት ኖሬ እንዲህ ያለ ነገር በዚህ ቅርበት አይቼ አላውቅም።

አፏን እንደገና ከፈተች።

«አርፍጃለሁ» አለች ምራቴ፤ ደረጃውን ስትወርድ ኮቴዋን እስከ ታች ድረስ ሰማሁት፤ አልቆመም፣ አልተመለሰም።